ባለክፍል ቀላል አውሮፕላን፤ ታሪኩና ስያሜው

አንድ መሣሪያ ከውጭ አገር ሲገባ ስሙን ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ አሠራሩንና አገልግሎቱን የሚገልጹት ቃላት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከተቀባዩ ቋንቋ ይወለዳሉ። «አውሮፕላን» የውጭ ቃል ነው፤ «በረራ» እና «አብራሪ» ግን ከራሳችን ሥር የበቀሉ ናቸው። ወፍ ራሷ ስለምትበር «በራሪ» ትባላለች። ሚሽካ ባቢችፍና አስፋው አሊን የመሰሉት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ግን መሣሪያው እንዲበር የሚያደርጉ ነበሩና ከ«አበረረ» የወጣው «አብራሪ» መጠሪያቸው ሆነ። አንዲት «አ» የሰውንና የመሣሪያውን ድርሻ ለይታ አስቀመጠች። «ባለክፍል ቀላል አውሮፕላን» ለሚባለው ዓይነት የምንሰጣቸው ቃላት ግን ይህን ያህል ጥራት ገና አላገኙም።

ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የመጀመሪያው አውሮፕላን ፖቴዝ 25 ሲሆን ያበረረውም ፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ ነበር። በግእዝ የዘርፍ አያያዝም «ንስረ ተፈሪ» ተባለ። ይህ አውሮፕላን ድርብ ክንፍና ሁለት መቀመጫ ነበረው፤ ተሳፋሪዎቹም ደረታቸውን ከልለው አናታቸውን ለነፋስ ሰጥተው ይበሩ ነበር። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በራስ ጉግሣ ወሌ ላይ በተደረገው የአንቺም ውጊያ አውሮፕላን ተካፋይ ሆኗል፤ ከውጊያው አስቀድሞም የአዋጅ ወረቀት በትኗል። ነሐሴ 30 ቀን 1921 ዓ.ም. የገባው ዩንከርስ ደብሊው 33 ግን አካሉ ከሸንተረራማ ብረት የተሠራ፣ ሰውና ዕቃ የሚጫንበት የተዘጋ ክፍል ያለው ነበር።

ከዚያ በኋላ ከመጡት አንዱ ፋርማን 192 ነው። ይህ የፈረንሳይ ሥራ ክንፉ አንድ ረድፍ ብቻ ሆኖ ከተሳፋሪዎቹ ራስ በላይ የተዘረጋ ነበር። አካሉ በእንጨት የተዋቀረ፣ ሞተሩ ባለ230 የፈረስ ጉልበት ሲሆን አብራሪውንና መንገደኞቹን በአንድ ጣራ ሥር ይይዛል። ክንፉ ከላይ በመሆኑ መንገደኛው በመስኮት ወደ ታች አገሩን ለማየት ይችላል። ክፍሉ በመዘጋቱም ብርዱና ነፋሱ ይቀንስለታል።

«ቀላል» የሚለው ቃል ክብደት የማይከብድ፣ አሠራሩ የማያስቸግር፣ እንዲሁም የሚናቅ የሚሉ ፍቺዎች አሉት። በዚህ ስያሜ ውስጥ የሚፈለገው የመጀመሪያው ብቻ ነው፤ በዘመናዊ አሠራር ለመነሣት የተፈቀደለት ክብደት ከ5,700 ኪሎ ግራም ያህል የማይበልጥ አውሮፕላን በዚህ ክፍል ይመደባል። በአገራችን ማብረሩ አስቸጋሪ እንደነበረ ግን መልክዓ ምድሩ ይመሰክራል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች፤ ከጉለሌ ቁስቋም በላይ የሚነሣው እንጦጦም ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ አየር ማመቂያ የሌለው ሞተር ከኃይሉ ሩብ ያህሉን ያጣል፤ በባሕር ዳርቻ 230 የፈረስ ጉልበት የሚሰጠው እዚህ 170 ያህል ቢሰጥ ነው። ክንፉም ከመሬት ለመነሣት የበለጠ ፍጥነትና ረዘም ያለ ሜዳ ይሻል። ስለዚህ መዝገበ ቃላቱ «ቀላል»ን ሲፈታ ክብደትን ከአያያዝ መለየት ይኖርበታል።

ሁለተኛው አስቸጋሪ ቃል «ጋቢና» ነው። ቃሉ ከጣሊያንኛው «ካቢና» የመጣ ሲሆን በእኛ አገር የሾፌሩን ስፍራ፣ በተለይም ከጎኑ ያለውን መቀመጫ ይገልጻል። ለአውሮፕላን እንዳለ ብንወስደው ሰሚው የሚያስበው የአብራሪውን ቦታ ነው፤ የመንገደኞቹ ስፍራ ስም አልባ ይሆናል። ስለሆነም ሁሉንም የሚያጠቃልለው የተዘጋ ስፍራ «ክፍል»፣ ካስፈለገም «የአብራሪ ክፍል» እና «የመንገደኛ ክፍል» ቢባል ይሻላል፤ «ጋቢና» በመኪናው ላይ እንደ ጸና ይቆይ።

የቃላት ጥንቃቄ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው «ፀሐይ» ስለተባለችው አውሮፕላን ሲነገር ነው። በልዕልት ፀሐይ ስም የተጠራችው ይህች ቀላል አውሮፕላን ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር አዲስ አበባ የሠራት ስትሆን በ1928 ዓ.ም. መጀመሪያ በረረች። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 27 ቀን ከተማዪቱ በጠላት ስትያዝ በጣሊያኖች እጅ ወደቀች፤ በኋላም ወደ ጣሊያን ተወስዳ በሙዚየም ተቀመጠች። ለኢትዮጵያ የተመለሰችው በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ነው።

የዚህችን አውሮፕላን ታሪክ የሚጽፍ ሰው «ነደፈ»፣ «ሠራ»፣ «ገጣጠመ» የሚሉትን ሦስት ግሶች አደባልቆ ሊጠቀም አይገባም። መንደፍ ቅርጹንና መጠኑን አስቦ በወረቀት ማስቀመጥ ነው። መሥራት እንጨቱን፣ ብረቱንና ሸራውን ወደዚያ ቅርጽ ማምጣት ነው። መገጣጠም ደግሞ ሌላ ያበጀውን ክፍልፋይ ማያያዝ ነው። ሁሉንም «ሠራ» ብንል ለአንዱ የማይገባውን እንሰጣለን፤ ሁሉንም «ገጣጠመ» ብንል በእጃቸው የለፉትን ኢትዮጵያውያን ድካማቸውን እንነፍጋለን። ፍቺው ሲለይ ግን መሐንዲሱም ሠራተኛውም እንደየድርሻው በታሪክ ይመዘገባል።