የጣት አሻራን ለስልክና ለታብሌት መክፈቻነት ስለመመዝገብ

በአንድሮይድ ስልክ ወይም ታብሌት የጣት አሻራ ለመመዝገብ በቅድሚያ የመክፈቻ የሚስጥር ቁጥር ወይም የይለፍ ቃል ማዘጋጀት ግዴታ ነው። ከዚያም «ሴቲንግ» ውስጥ ገብተው ከደኅንነት ክፍሉ የጣት አሻራ የሚለውን ይምረጡ፤ ስያሜው እንደ ስልኩ ሥሪት ጥቂት ሊለያይ ይችላል። ጣትዎን በአሻራ አንባቢው ላይ ደጋግመው ያሳርፉ፤ ጠርዙም እንዲነበብ አቀማመጡን በየጊዜው በጥቂቱ ይቀይሩ።

በእርሻ፣ በግንባታ ወይም በሽመና ሥራ ጣታቸው የሻከረ ተገልጋዮችን አሻራ ስልኩ ላይለይ ይችላል። እጅን ታጥቦ በሚገባ ካደረቁ በኋላ ያንኑ ጣት ሁለተኛ ጊዜ ወይም የሌላውን እጅ ጣት ጨምሮ መመዝገብ ይረዳል።

ይህ አሻራ በመሣሪያው ውስጥ ብቻ የሚቀመጥ በመሆኑ ከፋይዳ መታወቂያ ምዝገባ ጋር ግንኙነት የለውም።

አሻራ የሚስጥር ቁጥርን አይተካም። ስልኩ ጠፍቶ ሲበራ ወይም አሻራው በተደጋጋሚ ሳይነበብ ሲቀር የሚጠየቀው ቁጥሩ ነው። ቁጥሩን የሚያውቅ ሰው ደግሞ የራሱን አሻራ መጨመር ይችላል፤ ስለሆነም 1234ን ወይም የትውልድ ዓመትዎን አይጠቀሙ። ስልክዎን ሲያስጠግኑ ቁጥሩን ለጠጋኙ ሰጥተው ከሆነ፣ በተለይም የሞባይል ገንዘብ የሚጠቀሙ ከሆነ፣ እንደተረከቡ ቁጥሩን ይቀይሩ፤ ከተመዘገቡት አሻራዎች መካከል የእርስዎ ያልሆነ ካለም ይሰርዙ።