የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ንድፍና ወንጀልን የመከላከል ሚናው

የመኖሪያ ሕንፃዎች ንድፍ በነዋሪዎች ደህንነት ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ የከተማ ፕላን ባለሙያዎችን ማነጋገር ከጀመረ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። ለዚህም በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ ተገንብቶ የነበረው የፕሩት አይጎ የመንግሥት ቤቶች መንደር በቀዳሚነት ይጠቀሳል።

በአርክቴክት ሚኖሩ ያማሳኪ የተነደፈው ይህ መንደር እያንዳንዳቸው 11 ፎቅ ያላቸው 33 ሕንፃዎችና ከ2 ሺህ 800 በላይ ቤቶች ነበሩት። የመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች የገቡት እ.ኤ.አ. በ1954 ነበር። ወጪ ለመቆጠብ ሲባል አሳንሰሮቹ በየፎቁ ሳይሆን በ1ኛ፣ በ4ኛ፣ በ7ኛና በ10ኛ ፎቅ ብቻ እንዲቆሙ ተደረገ። በዚህም ምክንያት በርካታ ነዋሪዎች ቤታቸው ለመድረስ ከእይታ በተሰወሩ ደረጃዎች መጓዝ ግድ ሆነባቸው። ዘረፋና ጥቃት የበረታውም በእነዚሁ ደረጃዎችና መተላለፊያዎች ነበር። መንደሩን የማፍረሱ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1972 ተጀምሮ በ1976 ተጠናቋል።

በወቅቱ በከተማዋ በሚገኘው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው አርክቴክት ኦስካር ኒውማን መንደሩን በቅርብ ተከታትሏል። ሁለት ቤተሰቦች ብቻ የሚጋሩት የደረጃ ማረፊያ ንጹሕና የተጠበቀ ሲሆን፣ 20 ቤተሰቦች የሚጋሩት መተላለፊያና 150 ቤተሰቦች የሚገለገሉበት መግቢያ ግን ባለቤት አልባ ሆኖ አገኘው። ከመንገዱ ማዶ የነበረውና ተመሳሳይ ነዋሪዎች የሚኖሩበት ዝቅተኛ ቤቶች ያሉት የካር ስኩዌር መንደር ይህ ችግር አልደረሰበትም። ኒውማን እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው አንድን ሥፍራ የሚጋሩ ቤተሰቦች ቁጥር በጨመረ መጠን ሥፍራውን የእኔ ብሎ የሚጠብቅ ሰው ይጠፋል፤ ባዕዱን ከነዋሪው መለየትም ያዳግታል።

ኒውማን ሐሳቡን በኒውዮርክ ከተማ ብሮንክስ በሚገኘው ክላሰን ፖይንት ጋርደንስ በተግባር ሞክሯል። የማንም ያልነበረው የግቢ መሬት አብዛኛው ለየቤተሰቡ ተከፋፍሎ በአጥር ተከለለ፤ የእግር መንገዶቹም መብራት ተተከለላቸው። በመጀመሪያው ዓመት ወንጀል ከግማሽ በላይ መቀነሱን ኒውማን ዘግቧል።

ይሁን እንጂ ጥፋቱን ሁሉ በንድፍ ላይ መጫን አግባብ አይደለም። የፕሩት አይጎ ጥገና የሚሸፈነው ከነዋሪዎች ኪራይ ስለነበር ነዋሪው ሲቀንስ ጥገናውም ተቋርጧል። የቤቶቹ ባዶ መሆንና የነዋሪዎቹ ድህነት፣ እንዲሁም የዘር መድልዎ ድርሻ ነበራቸው። ተመራማሪዋ ካትሪን ብሪስቶል እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣችው ጽሑፍ ሕንፃውን ብቻ ተጠያቂ የሚያደርገውን አስተሳሰብ ተችታለች። ኒውማንም ቢሆን ንድፍ ብቻውን በቂ ነው ብሎ ማቅረቡ ያጠራጥራል፤ ትምህርቱን የተቀበሉ ብዙዎች ግን እንዲያ አድርገው ወስደውታል።

በአዲስ አበባ ከ1990ዎቹ ዓ.ም ሁለተኛ አጋማሽ ጀምሮ በስፋት የተገነቡት የመጀመሪያዎቹ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች በአብዛኛው አሳንሰር የሌላቸው ባለአራት ፎቅ በመሆናቸው የፕሩት አይጎ ዓይነት ከፍታ የላቸውም። ሆኖም ደረጃው፣ መተላለፊያውና ግቢው የጋራ ነው። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 እነዚህን የጋራ መጠቀሚያዎች የማስተዳደር ኃላፊነት ለቤት ባለቤቶች ማኅበር ሰጥቷል። ማኅበሩ የደረጃ መብራትና የጥበቃ ወጪ መሸፈን ካልቻለ ሌሊት የሚጨልመው ደረጃ በሴንት ሉዊስ የታየውን ዓይነት ክፍተት ይፈጥራል። በግንባታ ወቅት በአንድ ደረጃ የሚገለገሉ ቤተሰቦችን ቁጥር መወሰን፣ የማዕድ ቤትና የሳሎን መስኮቶችን ወደ መግቢያው እንዲያዩ ማድረግ የሚጠይቀው ወጪ ሕንፃው ካለቀ በኋላ ለማስተካከል ከሚወጣው እጅግ ያነሰ ነው።