መጋረጃው ሲወርድ

መቼም ሃምሳን የተሻገረ ሰው ኮምፒውተሩ ቀጥ ሲልበት የሚያውቀው መድኃኒት አንድ ነው፤ ሶኬቱን መንቀል። እኔም ባለፈው ሰሞን እጄን ስሰድ የእህቴ ልጅ «ኧረ ጋሼ፣ እንዳይነቅሉት!» ብሎ ጮኸ። እውነቱን ነው። ስንት ዓመት ያስተማርኩባቸው የሥነ ጽሑፍ ማስታወሻዎቼ ከአሮጌ ዲስክ ወደ አዲስ እየተገለበጡ ነበር። አሮጌው ደግሞ ሲያቃስት ሰንብቷል፤ አንዴ ከቆመ መልሶ መነሣቱን እንጃ።

ልጁ ኮንትሮል፣ ኦልትና ኤፍ3 የተባሉትን ቁልፎች ባንድ ላይ ተጫነ። ሥዕሉ ሁሉ ጠፍቶ ጥቁር ገጽ ላይ ነጭ ፊደል መጣ። የይለፍ ቃሌን አስገባሁ፤ እሱ አንዲት መስመር ትእዛዝ ጻፈና ዴስክቶፑን ከነመስኮቶቹ አቆመው። «አለቀልኝ!» አልኩ። ወደ ሌላ ጥቁር ገጽ ተሻግሮ አሳየኝ፤ ግልበጣው ቀጥሏል። ለካ ሲጀምረውም እዚያው ጥቁሩ ገጽ ላይ ኖሯል። ከመስኮቶቹ በአንዱ ውስጥ ጀምሮት ቢሆን አብሮ ይቆም ነበር። የጠፋብኝ ሳላስቀምጥ የተውኳቸው ሁለት አንቀጾች ብቻ ናቸው።

እንዴት ሊሆን ቻለ? ነገሩ ከንክኖኝ ታሪኩን አገላበጥኩ። እ.ኤ.አ. በ1984 አፕል ማኪንቶሽን ሲያወጣ ሥዕሉና ማሽኑ ባንድ የተሰፉ ነበሩ፤ አንዱን ዘግቶ ሌላውን ማስቀረት የለም። በዚያው ዓመት በአሜሪካው የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ሮበርት ሻይፍለርና ጂም ጌቲስ ሌላ መንገድ ያዙ። ተቋሙ አቴና በተባለው ፕሮጀክቱ ከተለያዩ ፋብሪካዎች የመጡ ኮምፒውተሮችን ለተማሪዎቹ ያቀርብ ነበርና፣ በሁሉም ላይ የሚሠራ የመስኮት ሥርዓት አስፈለገ። «ኤክስ» የተባለው ይህ ሥርዓት ራሱን የቻለ ፕሮግራም ሆነ፤ የማሽኑ አካል ሳይሆን ፊቱ ላይ የተሰቀለ መጋረጃ። ፕሮግራሙ በአንድ ኮምፒውተር እየሠራ መስኮቱ በሌላው ላይ ሊታይም ቻለ።

ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 ሄልሲንኪ ላይ ሊኑክስን ሲያስተዋውቅ መጋረጃ የሚባል አልነበረውም። ኤክስ የደረሰለት በዓመቱ ነው። መድረኩ ቀደመ፣ መጋረጃው ተከተለ ማለት ነው። ዛሬም ድረ ገጾችን የሚያስተናግዱ አብዛኞቹ የሊኑክስ ኮምፒውተሮች መጋረጃውን ጨርሶ አይሰቅሉም።

ቀድሞ እሱን ለማውረድ ኮንትሮል፣ ኦልትና ባክስፔስ ይበቁ ነበር። ሰው ሳያስበው እየነካቸው ሥራውን ቢያጣ፣ በ2009 ገደማ አቋራጩ ከመነሻው ተዘግቶ መቅረብ ጀመረ። አሁን ኤክስን ዌይላንድ የተባለው እየተካው ነው፤ መጋረጃነቱ ግን እንዳለ ነው።

እኔ ያስተማርኳቸው ልጆች አንድን ድርሰት ሽፋኑን አይተው ሲፈርዱ እቆጣ ነበር። ኮምፒውተር ላይ ግን ፊቱን ብቻ አውቄ፣ ፊቱ ሲደርቅ ሁሉን ልገድል ተነሣሁ። የማያውቁትን ነገር ማጥፋት እንዴት ይቀላል!

ግልበጣው እኩለ ሌሊት ላይ አለቀ። አሮጌው ዲስክ በማግስቱ ቢለምኑት፣ ቢያባብሉት አልነሣ አለ።