አንበሳው መጣ

ካዛንቺስ «አንበሳው መጣ!» ከተባለ ሰው የሚሮጠው ወደ አንበሳው ነው። አውቶቡስ ነዋ! «አንተ አንበሳ» ደግሞ ሙገሳ ነው። ጥቁር አንበሳ ስንል ሆስፒታሉን ነው፤ ከሱ በፊት ግን ጣሊያንን የተዋጉ አርበኞች ማኅበር ስም ነበር።

እኔን ሁሌ የሚያስቆመኝ ግን የለገሃሩ ነው። በ1923 ዓ.ም. ለንግሥ በዓል የቆመውን የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ፋሺስቶች ነቅለው ሮም ወሰዱት። በ1930 ዓ.ም. ኤርትራዊው ዘርዓይ ደረስ እዚያ አየው፤ ፊቱ ተንበረከከ፣ ሊያስነሱት ሲመጡ ጎራዴውን መዝዞ አቆሰላቸው። በ1937 ዓ.ም. እዚያው ጣሊያን፣ እንደታሰረ ሞተ። ሐውልቱ ከዓመታት በኋላ ለገሃር ተመለሰ፤ እሱ አላየውም።

ካዛንቺስ የሚለውስ? ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ካሠራቸው ቤቶች፣ «ካዛ ኢንቺስ» ከሚባሉት፣ የመጣ ነው። አንበሳችንን ወስደው የቤታቸውን ስም ተዉልን ማለት ነው። እኛም ስሙን እንደራሳችን ይዘነው ቀረን።

ደርግም አንበሳውን ከባንዲራው አነሳው። በ1969 ዓ.ም. ሳንቲም ሲያስቀርጽ ግን የአንበሳ ራስ አደረገበት። አንበሳ ላይ ተሳፍረን ለትኬት ቆራጩ የምንሰጠው አንበሳ ነበር።