የጂቡቲ በርና የአየር ኃይል አዛዥነት

የአንድ አገር አየር ኃይል ታሪክ ሲጻፍ የአይሮፕላኑ ዓይነትና የነጂው ድፍረት ቀድሞ ይነገራል። ነጂውን ያዘዘው ማን እንደ ሆነ፤ ቤንዚኑ በማን ወደብ እንደ ገባ፤ የተሰበረውን ሞተር ያደሰው የማን እጅ እንደ ሆነ ግን ወደ ኋላ ይቀራል፤ ጨርሶ የሚረሳበትም ጊዜ አለ። የኢትዮጵያ አየር ኃይል አጀማመር ይህን የተረሳ ክፍል መርምሩ የሚል ነው። የመጀመሪያው አይሮፕላን ወደ አዲስ አበባ የተነሣው ከጂቡቲ ከተማ ነበረና፤ ጂቡቲም በዚያ ዘመን በፈረንሳይ እጅ ነበረች።

ጂቡቲ የኢትዮጵያ በር የሆነችው በምድር ባቡር ነው። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፤ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ፤ ርዝመቱም 780 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ ወዲህ ከአውሮፓ የሚመጣ ዕቃ፤ መልእክተኛ፤ ሐኪም፤ መምህርም ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ በዚህች ሞቃት የባሕር ዳር ከተማ ያልፍ ጀመር። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በ1915 ዓ.ም. ወደ ኤደን ተሻግረው የእንግሊዝን የአየር ጦር ትርኢት ከተመለከቱ በኋላ፤ በአይሮፕላን ተሳፍረው ለመብረር ራሳቸው ጠይቀው በረሩ። በ1916 ዓ.ም. ወደ አውሮፓ ሲሄዱም መንገዳቸው በጂቡቲ ነበረ። በኤደን ሰማይ ላይ ያዩት ነገር ከሐሳባቸው እንዳልወጣ ከሰባት ዓመት በኋላ የተፈጸመው ሥራ ያስረዳል።

ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ፈረንሳዊው አይሮፕላን ነጂ አንድሬ ማዬ ፖቴዝ 25 የተባለውን አይሮፕላን ከጂቡቲ አስነሥቶ አዲስ አበባ አሳረፈ። ሕዝቡ ተሰብስቦ አየ፤ ተደነቀ። በዚያው ወር መጨረሻ ነሐሴ 30 ቀን፤ ዩንከርስ የተባለው የጀርመን አይሮፕላን በባሮን ፎን ኤንግል ነጂነት ደረሰ። ተማሪ ቤቶች ይህን ቀን የሥልጣኔ መግቢያ አድርገው ያስተምራሉ፤ የሚያስነቅፍም አይደለም። ሆኖም ከዚያ ቀን ጀምሮ መንግሥቱ አንድ ያልለመደው ነገር እንደ ገጠመው ማስተዋል ይገባል። በፊት መድፍ ቢገዛ ተኳሹን ከአገሩ ልጅ በጥቂት ወር ማሠልጠን ይቻል ነበረ፤ ጠመንጃማ ገበሬው ራሱ ያውቀዋል። አይሮፕላን ግን ነጂውን፤ መካኒኩን፤ መለዋወጫውን፤ ቤንዚኑን ሁሉ ይዞ የሚመጣ መሣሪያ ነው። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል ቀሪው ሁሉ በሜዳ ላይ የቆመ ሸራና እንጨት ይሆናል። በጊዜው ደግሞ አራቱም ከውጭ ነበሩ፤ አራቱም በአንድ በር ይገቡ ነበረ።

የነጂዎቹ ዜጋ መለያየትም በአጋጣሚ ብቻ የሆነ አይመስልም። ፈረንሳዊው የፈረንሳይን አይሮፕላን፤ ጀርመኑ የጀርመንን ይነዳል፤ ሁለቱም ደመወዝ የሚቀበሉት ከአንድ መንግሥት ነው። አንዱ ቢያኮርፍ ሌላው እንዲኖር ታስቦ ከሆነ ጥበብ ነበረ፤ ነገር ግን ለአዛዥነት አይመችም። የአንዱ አይሮፕላን መለዋወጫ ለሌላው አይሆንምና፤ የመካኒኩ ሥራ በእጥፍ ይበዛል።

ይህ ትንሽ ኃይል ከመጣ ሰባት ወር ተኩል ሳይሞላው በጦር ሜዳ ተፈተነ። ራስ ጉግሣ ወሌ በንጉሥ ተፈሪ ላይ በተነሡ ጊዜ፤ የጦር ሚኒስትሩ ሙሉጌታ ይገዙ የመንግሥቱን ጦር መርተው ሄዱ። አይሮፕላኑ በመጀመሪያ የጣለው ወረቀት ነበረ፤ በወረቀቱም ላይ የሊቀ ጳጳሱ የአቡነ ቄርሎስ የውግዘት ቃል ታትሞበታል። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም በተደረገው ውጊያ ቦምብም ተጣለ፤ ራስ ጉግሣም በዚያው ቀን ወደቁ። አይሮፕላኑን የነዳው ማዬ ነበረ። እንግዲህ በኢትዮጵያውያን መካከል በተደረገ ጦርነት፤ ከሰማይ የወረደው ውግዘትና ቦምብ በአንድ የውጭ አገር ሰው እጅ የተጣለ ነበረ። የድሉን ታላቅነት የሚያወሱ ብዙዎች ይህን ነገር ቀለል አድርገው ያልፉታል። የንጉሡ መንግሥት ግን ሳያስበው የቀረ አይመስልም፤ በዚያው በ1922 ዓ.ም. ማለቂያ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ የአይሮፕላን ነጂነት ማስረጃ ለመቀበል በቁ። ባቢቼፍ አባቱ የሩሲያ መኰንን፤ እናቱ ኢትዮጵያዊት ነበሩ። ሁለት ሰው ጥቂት ነው፤ ነገር ግን በሁለት ሰውና በባዶ መካከል ያለው ልዩነት በሁለትና በሃያ መካከል ካለው ይበልጣል።

በ1923 ዓ.ም. ጥቅምት ወር፤ የዘውድ በዓሉ ሲዘጋጅ፤ ከኒው ዮርክ የመጣው ጥቁር አይሮፕላን ነጂ ሁበርት ጁልየን የንጉሠ ነገሥቱን አዲስ አይሮፕላን ይዞ ተነሥቶ ሰበረው። ነገሩ ለጨዋታ የሚነገር ሆኖ ቀርቷል። ለአንድ ትልቅ መንግሥት አንድ አይሮፕላን መሰበር ተራ ነገር ነው፤ ዕቃው ሁሉ በባሕር ተጉዞ፤ በጂቡቲ ወርዶ፤ በባቡር ለሚመጣለት መንግሥት ግን የብዙ ወር ድካም ማለት ነው።

የበሩ ነገር ከዚህ በኋላ እየከበደ ሄደ። በ1922 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ከእንግሊዝ፤ ከፈረንሳይና ከኢጣሊያ ጋራ የተፈረመው የመሣሪያ ውል ለኢትዮጵያ መንግሥት መሣሪያ የማስገባት መብቱን ቢያውቅለትም፤ መብቱ የሚፈጸመው የባሕሩን ዳር በያዙት በእነዚያው በሦስቱ መንግሥታት መሬት ላይ በማለፍ ነበረ። በ1927 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር የፈረንሳዩ ላቫል ከሙሶሊኒ ጋራ ሲስማማ ለኢጣሊያ ከሰጠው ነገር አንዱ በጂቡቲና በአዲስ አበባ ምድር ባቡር ኩባንያ ውስጥ 2,500 አክሲዮን ነው። በሐምሌ ወር ደግሞ እንግሊዝና ፈረንሳይ ወደ ሁለቱም ወገን መሣሪያ እንዳይወጣ ከለከሉ። ክልከላው በቃሉ ለሁለቱም እኩል ነበረ፤ ነገር ግን ኢጣሊያ አይሮፕላን በገዛ ፋብሪካዋ ትሠራለች፤ ኢትዮጵያ አትሠራም። ንጉሠ ነገሥቱን በዩንከርስ ያገለግል የነበረው ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር በአዲስ አበባ «ኢትዮጵያ 1» የተባለች ትንሽ አይሮፕላን ሠርቶ ነበረ፤ የጥበቡ ሙከራ ቢደነቅም የአንዲት አይሮፕላን ሥራ ጦርነት አይመልስም።

በዚያው ዓመት ከቺካጎ የመጣው ጆን ሮቢንሰን የአየር ኃይሉን አዛዥነት በኮሎኔልነት ተቀበለ። የተቀበለው ኃይል ከአሥራ ሁለት እምብዛም የማይበልጡ አይሮፕላኖች ያሉት፤ ብዙዎቹ ያረጁ፤ አብዛኛዎቹም መሣሪያ የሌላቸው ነበሩ። በአንጻሩ ኢጣሊያ በመቶ የሚቆጠሩ አሰልፋለች። ስለዚህ ሮቢንሰን ያደረገው አንድ አስተዋይ አዛዥ ሊያደርገው የሚገባውን ነው፤ አይሮፕላኖቹን ለውጊያ ሳይሆን ለመልእክትና ለመጓጓዣ አዋላቸው። ጦርነቱ ሲከፈትም እርሱ አድዋ ነበረ፤ ከተማይቱ ስትደበደብ በዓይኑ አይቶ ለአዲስ አበባ አስታወቀ። በዚህ ሥራ የኢትዮጵያውያኑም ነጂዎች ድርሻ ነበረበት። የስዊድኑ ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ደግሞ በቀይ መስቀል አይሮፕላን ሐኪሞችንና ቁስለኞችን ያመላልስ ነበረ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ በተደበደበች ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከመትረየስ ጀርባ ቆመው ወደ ሰማይ ተኮሱ። የአየር ኃይል የሌለው አገር ንጉሥ ምን ማድረግ እንደሚችል ያ ቀን በግልጽ አሳይቷል።

ሚያዝያ 24 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ከአዲስ አበባ ተነሡ፤ ሚያዝያ 26 ቀንም በጂቡቲ ወደብ ኢንተርፕራይዝ በተባለው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፈሩ። የመጀመሪያው አይሮፕላን ከጂቡቲ ከተነሣ ሰባት ዓመት ገና አልሞላም ነበረ።

ከነጻነት በኋላ የተደረገው ሥራ የቀደመውን ስሕተት ለማረም የታሰበ መሆኑ ይታያል። ሮቢንሰን በ1936 ዓ.ም. ተመልሶ ወጣቶችን ማሠልጠን ጀመረ፤ በ1946 ዓ.ም. በአይሮፕላን አደጋ ሞቶ በአዲስ አበባ ተቀበረ። ዋናው ግንባታ ግን ለስዊድኖች ተሰጠ፤ ፎን ሮዘንም ተመልሶ ቢሾፍቱ ላይ ኃይሉን በአዲስ ያቋቁም ጀመር። ለምን ስዊድን? በአፍሪካ ቅኝ አገር የሌላት፤ በቀይ ባሕር ዳርም ወደብ የማትመኝ መንግሥት ነበረችና። በ1939 ዓ.ም. ግንቦት ወር ፎን ሮዘን ሳፊር የተባለችውን ትንሽ አይሮፕላን ከስቶክሆልም አስነሥቶ፤ በየትም ሳያርፍ ከሠላሳ ሰዓት በላይ በርሮ አዲስ አበባ ደረሰ። ጋዜጦች ለርቀቱ አደነቁት፤ ለኢትዮጵያ ግን ትልቁ ነገር አይሮፕላኑ ጂቡቲን ሳይነካ መምጣቱ ነበረ።

በቢሾፍቱ የተሠራው ድርጅት ከ1921ዱ የሚለየው በአይሮፕላኑ ብዛት ብቻ አልነበረም። የነጂዎች ትምህርት ቤት ነበረ፤ የመካኒኮችም ትምህርት ነበረ። ንጉሠ ነገሥቱ የጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥ ናቸው፤ ከበታቻቸው የጦር ሚኒስቴር፤ ከዚያም የአየር ኃይሉ አዛዥና መምሪያው ይከተላል። የበረራው፤ የጥገናው፤ የዕቃ ግምጃ ቤቱና የትምህርቱ ክፍል እያንዳንዱ የራሱ ሹም አለው። አንድ ነጂ ሲበር ከበስተኋላው በምድር የቀሩ ብዙ ሰዎች አሉ። የሬዲዮ ሠራተኛው፤ የአየር ጠባይ ተመልካቹ፤ ጎማ ነፊው ሁሉ ተቆጥሮ ነው ኃይሉ ኃይል የሚባለው። ይሁንና የላይኛው ወንበር ለብዙ ዓመት በስዊድን መኰንኖች እጅ ቆየ። በኋላም፤ በ1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋራ ከተደረገው ስምምነት ወዲህ፤ ሴበር የተባሉት ጄቶች ሲመጡ፤ የአሜሪካ አይሮፕላን፤ የስዊድን አዛዥና የኢትዮጵያ ነጂ በአንድ ሜዳ ተገናኙ።

የአዛዥነት ነገር በትክክል የተፈተነው በ1953 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር ነው። የክብር ዘበኛ በንጉሠ ነገሥቱ ላይ በተነሣ ጊዜ አየር ኃይሉ ከዘውዱ ጋራ ቆመ፤ ወታደሮችን ወደ ዋና ከተማው አጓጓዘ፤ ጄቶቹም በአዲስ አበባ ላይ በረሩ። በዚያ ሰዓት የሚሰጥ ትእዛዝ ከውጭ አገር ሰው አፍ የሚጠበቅ አልነበረም፤ የቆረጡትም ኢትዮጵያውያን መኰንኖች ናቸው። ወዲያው በሚቀጥሉት ዓመታት ኃይሉ ሴበሮቹን ወደ ኮንጎ ልኮ በተባበሩት መንግሥታት ሥር አገለገለ፤ አዛዥነቱም ከስዊድኖች ወደ ጄኔራል አሰፋ አየነ ተላለፈ። ከፖቴዝ መምጣት እስከዚህ ድረስ ሠላሳ ዓመት አልፏል። አይሮፕላን በአንድ ቀን ይገዛል፤ አዛዥ ግን እንዲህ ያለ ጊዜ ይፈልጋል።

ጂቡቲ ራሷ ይህንኑ ጥያቄ የተቀበለችው ሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም. ነጻ በወጣች ጊዜ ነው። ሰዓቱ ክፉ ነበረ። የኢትዮጵያና የሶማሊያ ጦርነት በዚያው ክረምት ተቀጣጠለ፤ የምድር ባቡሩም ተቆረጠ። አዲሲቱ መንግሥት ያገኘችው አየር ኃይል ከፈረንሳይ የተሰጧት ሦስት ኖራትላስ የዕቃ ማጓጓዣ አይሮፕላኖችና አንድ አሉዌት ሄሊኮፕተር ነበረ። ተዋጊ አይሮፕላን አልነበራትም። ሰማይዋን የሚጠብቁት በአምቡሊ የሰፈሩት የፈረንሳይ ሱፐር ሴበሮች ነበሩ፤ ቀጥሎ ሚራዦች ተተኩ። በአንድ የአይሮፕላን ሜዳ ላይ ሁለት አዛዥነት ተሰለፈ ማለት ነው። የጂቡቲው አየር ኃይል ለፕሬዝዳንቱና ለጦር ኃይሎቹ ጠቅላይ ኤታማዦር ሹም ይታዘዛል፤ ሥራውም ማጓጓዝ፤ መፈለግና ማዳን ነው። የሚዋጋው አይሮፕላን ግን ትእዛዙን ከፓሪስ ይቀበላል።

ይህን ሁሉ እንደ ነውር የሚቆጥሩ አሉ። ጥቂት ሕዝብ ላላት፤ ዙሪያዋ ለታወከባት አገር ግን ሌላ ምን መንገድ ነበራት? ተዋጊ ጄት ለመግዛት ገንዘብ ቢገኝ እንኳ ለመካኒኩ፤ ለመለዋወጫውና ለነጂው ትምህርት በየዓመቱ የሚወጣው ከመግዣው አያንስም። ጂቡቲ የመረጠችው ሜዳዋን ማከራየትንና በውል መደራደርን ነው። ከ1995 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ አሜሪካኖች በሌሞኒዬ ሰፈር፤ በ2003 ዓ.ም. ጃፓኖች፤ በ2009 ዓ.ም. ቻይናዎች ሥፍራ ያዙ። ድርድሩ ባዶ ቃል እንዳልሆነ በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ታይቷል። ሰው አልባ የአሜሪካ አይሮፕላኖች ከመንገደኞች አይሮፕላን ጋራ በአንድ ሜዳ መነሣታቸውና ከዚያ በፊት አንዱ በከተማው አጠገብ መውደቁ ስጋት ስላሳደረ፤ ከአምቡሊ ወጥተው ከከተማው ራቅ ወዳለው ወደ ሻቤሌ ሜዳ እንዲዛወሩ ተደረገ።

የፈረንሳይ ውል በ2004 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር፤ ዳግመኛም በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ታደሰ። ከሁለቱ ውሎች መካከል፤ ሰኔ 20 ቀን 2014 ዓ.ም. በነጻነት በዓል ሰልፍ ላይ፤ ጂቡቲ ከቱርክ የገዛቻቸውን መሣሪያ የሚሸከሙ ሰው አልባ አይሮፕላኖች ለሕዝብ አሳየች። እነዚህ ትእዛዛቸውን የሚቀበሉት ከራሷ መኰንኖች ነው። የፈረንሳይ ሚራዦችም እስከ አሁን በአምቡሊ አሉ።