ኬሚስትሪ የተማረው ገጣሚ፤ ነቢይ መኮንን

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ያሉ ልጆቻችን ሁለተኛ ደረጃ ሲደርሱ ተፈጥሮ ሳይንስ ወይም ኅብረተሰብ ሳይንስ ምረጡ ይባላሉ። ከዚያ ወዲያ ብዙ ወላጅ ሳይንስ የመረጠ ልጁ ግጥም ሲጽፍ ቢያይ ጊዜውን ያባከነ ይመስለዋል። የዒልም ታሪክ ግን እንዲህ አይደለም። ኪታብ የቀራችሁ እንደምታውቁት ነሕው የሚቀራበት የኢብኑ ማሊክ አልፊያ አንድ ሺህ ያህል ቤት ያለው ግጥም ነው። በ428 ዓመተ ሂጅራ ያረፈው ሐኪሙ ኢብኑ ሲና የሕክምናን ትምህርት በግጥም አሰናድቷል። ዑመር አል-ኸያምም የአልጀብራ ሊቅና ገጣሚ ነበር።

ከአገራችን ሰዎች ይህን በሕይወቱ ካሳዩት አንዱ ነቢይ መኮንን ነው። በናዝሬት ያደገው ነቢይ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተማረው ኬሚስትሪ ነበር፤ ይህ ስም ራሱ «አል-ኪሚያእ» ከሚለው ዐረብኛ የመጣ መሆኑን ልብ በሉ። ደርግ በመጣ ጊዜ እንደ ብዙ የዘመኑ ወጣቶች ታሰረ፤ ዓመታትንም በእስር አሳለፈ።

እስር ቤት ውስጥ የአሜሪካዊቷን የማርጋሬት ሚቸልን ትልቅ ልብ ወለድ አገኘ። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1936 የታተመ፣ የአሜሪካን የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን የሚተርክ ነው። ነቢይ ወደ አማርኛ ሊመልሰው ተነሣ፤ ነገር ግን መጻፊያ ወረቀት አልነበረውም። ስለዚህ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ጻፈው። ሲጋራ ጤናን እንደሚያጠፋ በሚንበር ላይ ስንት ጊዜ ተናግረናል፤ የሲጋራው ወረቀት ግን ለዒልም ዋለ። 3,000 ያህሉ ቁርጥራጭ በድብቅ ከእስር ቤት ወጥቶ፣ በኋላም ተሰብስቦ «ነገም ሌላ ቀን ነው» በሚል ርእስ ለኅትመት በቃ።

ነቢይ ከእስር ከወጣ በኋላ ግጥም፣ ተውኔትና ትርጉም ሲጽፍ ኖረ። «ስውር ስፌት» የታወቀ የግጥም መድበሉ ነው። የአዲስ አድማስ ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ ሆኖም ለረጅም ጊዜ ሠርቷል። የጋዜጣው ርእሰ አንቀጽ በተረት ጀምሮ ወደ አገር ጉዳይ ይሻገር ስለነበር፣ የተማረውም ያልተማረውም የየድርሻውን ያገኝበት ነበር። ነቢይ በ2016 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ።

ውድ አንባቢያን፤ እኛስ? በየመንደራችን ያሉ አባቶችና እናቶች የሚያውቁት መንዙማ፣ የመስጊዶቻችን አመሠራረት፣ የቀደሙት ሸኾች ታሪክ አብዛኛው በልብ እንጂ በወረቀት አልሰፈረም። አንድ አረጋዊ በሞቱ ቁጥር አንድ ኪታብ አብሮ ይቀበራል። ያ ሰው በወህኒ ሆኖ በቁርጥራጭ ወረቀት ጻፈ፤ እኛ ደብተርና እስክሪብቶ ከሱቅ እየገዛን ምን ምክንያት እናቀርባለን?

ስለዚህ ወላጆች፣ ፊዚክስና ኬሚስትሪ የሚማረውን ልጃችሁን ከአያቱ አጠገብ አስቀምጡት፤ እየጠየቀ ይጻፍ። ሳይንሱ መመርመርን፣ ግጥሙም አሳምሮ መናገርን ያስተምረዋል፤ አንዱ ሌላውን አይነጥቅም።

አላህ ዒልማችንን የሚጠቅም ያድርግልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።