የሺሹዋንግባና የዕፅዋት ማዕከል፦ በቅል ደሴት ላይ የተጠለለው የዝናብ ደን

በደቡብ ምዕራብ ቻይና፣ በዩናን ግዛት፣ ሜንግሉን በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ የሜኮንግ ገባር የሆነው የሉኦሱኦ ወንዝ ይጠማዘዛል። ወንዙ የከበበው መሬት ከላይ ሲታይ ቅል ስለሚመስል «ቅል ደሴት» የሚል ስም ወጥቶለታል። የሺሹዋንግባና የሐሩር ክልል ዕፅዋት ማዕከል የተመሠረተው በዚሁ መሬት ላይ ነው። በቻይና ሳይንስ አካዳሚ ሥር የሚተዳደረው ይህ ተቋም 1,125 ሄክታር ያህል ስፋት ሲኖረው፣ ከ13,000 በላይ የዕፅዋት ዝርያዎችን ይዟል። የምርምር ተቋም ቢሆንም ለሕዝብ ክፍት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በአገሪቱ የቱሪዝም ምደባ ከፍተኛ የሆነውን «አምስት ኤ» ደረጃ አግኝቷል።

ሥፍራው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 21 ዲግሪ ከ41 ደቂቃ ላይ ይገኛል። ይህ ኬክሮስ ከጅዳ ኬክሮስ ጋር እጅግ የተቀራረበ በመሆኑ፣ በባሕረ ሰላጤው አካባቢ ለሚኖር አንባቢ ልዩነቱ ማስገረሙ አይቀርም። በአንድ ኬክሮስ ላይ በአንድ ወገን በረሃ፣ በሌላው ወገን የዝናብ ደን ሊኖር የቻለው በሞንሱን ነፋስ ምክንያት ነው። ነፋሱ ከሕንድ ውቅያኖስ እርጥበት ተሸክሞ ይመጣል፤ በስተሰሜን ያሉት ተራሮች ደግሞ ቀዝቃዛውን አየር ይከላከላሉ። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ የሚጥል ሲሆን፣ አብዛኛው ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት ይወርዳል። በበጋው ወራት ደግሞ ከንጋት ጀምሮ ሸለቆውን የሚሸፍነው ጭጋግ ለዕፅዋቱ የዝናብን ጉድለት በከፊል ያካክሳል።

ማዕከሉን እ.ኤ.አ. በ1959 የመሠረቱት የዕፅዋት ሊቁ ጻይ ሺታኦ (1911–1981) ናቸው። ሥራቸው አሁንም በግቢው ውስጥ በግልጽ ይታያል። ቻይና ቀድሞ ከውጭ ታስገባው የነበረውን «የዘንዶ ደም» የተባለ ቀይ ሙጫ የሚሰጥ ዛፍ እ.ኤ.አ. በ1972 በዩናን ጫካ ውስጥ ያገኙት እርሳቸው ነበሩ። ሙጫው ደም ለማቆምና ቁስል ለማዳን የሚያገለግል የባህል መድኃኒት ነው። የዚህ ዛፍ ዘመዶች በየመን የሶኮትራ ደሴትና በኢትዮጵያም ይገኛሉ።

ግቢው በምዕራብና በምሥራቅ ክፍል ይከፈላል። አብዛኛው ጎብኚ በክፍት የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ተሳፍሮ ምዕራቡን ብቻ ዞሮ ይመለሳል። ምዕራቡ በእርግጥም ያማረ ነው። በኩሬዎቹ ላይ ቅጠላቸው እንደ ሰፌድ ክብና ጠርዘ ቀና የሆኑ ግዙፍ የውኃ አበቦች ተንጣለዋል፤ አበባቸው በመጀመሪያው ምሽት ነጭ ሆኖ ይከፈትና በሁለተኛው ምሽት ወደ ሮዝነት ይለወጣል። ከምዕራብ አፍሪካ የመጣው «ተአምረኛ ፍሬ» አንድ ጊዜ ከተመጠጠ በኋላ ሎሚን እንኳ ያጣፍጣል፤ በውስጡ ያለው ፕሮቲን የምላስን የጣዕም ተቀባይ ለጊዜው ስለሚለውጠው ነው። «ጨፋሪ ሣር» በሚባለው ተክል ፊት ደግሞ ጎብኚዎች ሲዘፍኑ ይታያሉ። ትናንሽ ቅጠሎቹን የሚያንቀሳቅሳቸው በዋናነት ሙቀትና ብርሃን ስለሆነ፣ ፀሐያማ ቀትር ከማንኛውም ዘፈን የበለጠ ያስጨፍረዋል።

ከሁሉ ይልቅ ሊዘለል የማይገባው የዘንባባዎቹ ሥፍራ ነው። የአካባቢው የዳይ ሕዝብ የቡድሃ እምነት መጻሕፍቱን ለዘመናት የጻፈው በአንድ ትልቅ ዘንባባ ቅጠል ላይ ነው። ቅጠሉ ተቀቅሎና ደርቆ ይስተካከላል፤ ፊደሉ በሹል ብረት ይቀረጽና ጥቁር ቀለም ይቀባል። ብራና ሲዳመጥ ያየ ኢትዮጵያዊ የሥራውን ትዕግሥት ለመረዳት አይቸገርም። ዘንባባው ራሱ በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ፣ ፍሬውን ሰጥቶ ይሞታል። ቻይናውያን «ደም ሲነካ ጉሮሮ ይዘጋል» የሚሉት የመርዝ ዛፍም በማዕከሉ ይገኛል። ወተቱን አዳኞች በቀስታቸው ጫፍ ይቀቡት ነበር። ይኸው ዝርያ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖችም ይበቅላል።

ምሥራቁ ክፍል ግን የዝናብ ደን ነው፤ በእግር መሄድን ይጠይቃል። እንደ ግድግዳ የቆሙ ሥሮች፣ አስተናጋጃቸውን ዛፍ አንቀው የሚገድሉ ሾላዎች፣ እንደ ገመድ የተንጠለጠሉ ሐረጎች አሉ። የዚህ ክፍል ዋጋ የሚታወቀው ከአጥሩ ውጭ ያለውን ሲያዩ ነው። ከጂንግሆንግ ወደ ሜንግሉን በሚወስደው መንገድ ተራሮቹ አረንጓዴ ቢሆኑም፣ አብዛኛው አረንጓዴ በመስመር የተተከለ የጎማ ዛፍ ነው። ጎማ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ለአገሪቱ ኢንዱስትሪ፣ ኋላም ለገበሬው ኪስ ጠቅሟል። ዋጋውን የከፈለው ደኑ ነው፦ በሺሹዋንግባና የሐሩር ክልል ወቅታዊ የዝናብ ደን እ.ኤ.አ. በ1976 ከመሬቱ 11 በመቶ ያህሉን ይሸፍን የነበረ ሲሆን፣ በ2003 ከ4 በመቶ በታች ወርዷል። የማዕከሉ ተመራማሪዎች ሻይን በጎማ ዛፎች ጥላ ሥር የማብቀል ዘዴን ያዳበሩት አፈሩን ለመጠበቅና የገበሬውን ገቢ ለማብዛት ነበር። በከፋና በጅማ ቡና በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ሲበቅል ያየ ሰው ሐሳቡን በቀላሉ ይረዳዋል።

ኢትዮጵያዊ ፓስፖርት የያዘ ተጓዥ የቻይና ቪዛ አስቀድሞ ማግኘት ይኖርበታል። ከዩናን ዋና ከተማ ከኩንሚንግ ወደ ጂንግሆንግ በአውሮፕላን፣ አለዚያም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 በተከፈተው የቻይና–ላኦስ ባቡር መድረስ ይቻላል፤ ከዚያ ወደ ሜንግሉን አውቶቡስ አለ። ለባቡር ቲኬትና ለሆቴል ፓስፖርት ይጠየቃል። ክፍያ በአብዛኛው የሚፈጸመው በአሊፔይ ወይም በዊቻት ስለሆነ፣ የባንክ ካርድን ከጉዞው በፊት ከመተግበሪያው ጋር ማገናኘት ይጠቅማል። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ለጉብኝት ይመቻል፤ ጠዋት ለጭጋጉ ወፈር ያለ ልብስ፣ ለትንኝም እጅጌው ረጅም ሸሚዝ መያዝ ይገባል። አንድ ቀን ለምዕራቡ፣ ሌላ ቀን ለምሥራቁ መመደብ ይሻላል። በአንድ ቀን ብቻ ለመጨረስ የተገደደ ሰው ግን፣ ማልዶ ከምሥራቁ ደን ቢጀምርና ኩሬዎቹን ለከሰዓት በኋላ ቢያቆያቸው አይጸጸትም።